ሰማንያ ስምንት ላይ ትጮኻለች

ደብረ ማርቆስ፣ ጥቅምት 23 ቀን 2015

የሽዋስ ወንድሜ፣

ደህና ነኝ ብዬ ልጀምር ነበር። ግን አንተን መዋሸት አልችልበትም። ከትናንት ጀምሮ ደሜ እየፈላ ነው።

የእማን ጉልበት ጠይቀሃል። የላክህላት ቅባት ደርሷታል፣ ጠዋት ጠዋት ትታሽበታለች። አንገቷ ግን ያው ነው፤ ወደ ግራ ማየት ስትፈልግ ሙሉ ሰውነቷን ነው የምታዞረው። ባላጠፋኸው ጥፋት ይቅርታ ልትለምንልህ በሰኔ ዝናብ ድንጋይ ተሸክማ ሰው በር ላይ ከቆመች ወዲህ እንዲህ ናት። ድንጋይ ተሸክሞ የመጣን ሰው "ጣለው" ማለት ወግ ነው፤ የደም ባለጋራ እንኳ ይላል። ያ ሰው ግን በረንዳው ላይ ቆሞ አይቷት ወደ ቤቱ ገባ።

ትናንት ሱቄ መጣ።

አዎ፣ ባለመኪናው ስማቸው። አንተ ትነዳት የነበረችውን ሚኒባስ በሬ ላይ አቁሞ ገባ። ሞተሯን አሠርቶ አሁን ራሱ ነው የሚነዳት፤ ካንተ በኋላ የቀጠራቸው ሾፌሮች አልበረከቱለትም። የማን እህት እንደሆንኩ ረስቶ እንዳይመስልህ። "ወንድምሽ ደህና ነው? ሥራ አገኘ?" አለኝ፣ መደርደሪያዬ ላይ ያለውን የመኪና ወንበር ልብስ እያገላበጠ። "ሰክሮ ሞተር አቃጠለ" ብሎ ከሚኒባስ ማኅበሩ ያስባረረህ ሰው ሥራ አገኘ ወይ ይለኛል። እኔም "ተመስገን፣ ደህና ነው" አልኩት። አንቱ ብዬ ነው ያናገርኩት፤ ለደንበኛ ሁሉ አንቱ እላለሁ። እዚህ ወረቀት ላይ ግን እሱ ነው፣ ከዚህ በላይ አላከብረውም።

የፈለገው ዲጂታል ጌጅ ነው። አንተ ከሄድክ ወዲህ ነው እኛ ጋ የገባው። የእጅ መዳፍ የምታክል ስክሪን ናት፣ ዳሽቦርዱ ላይ ትለጠፋለች። የሞተሩን ሙቀት፣ ፍጥነቱንና ባትሪውን በቁጥር ታሳያለች፤ ሙቀቱ ሲያልፍ ደግሞ ትጮኻለች። አንተ "የሙቀት መርፌው ሞቷል፣ አሠራልኝ" እያልክ ስትለምነው ጆሮ ዳባ ልበስ ያለው ሰው፣ ነገሩ በራሱ ሲመጣ ቁጥር አማረው።

"ሴንሰሩ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ነው፣ የኅዳር ሚካኤል ማግስት ይምጡ" ብዬ ሸኘሁት። ሴንሰሩ መደርደሪያዬ ላይ ነበር። ላንተ የምጽፍበት ጊዜ ነው የፈለግኩት።

እንግዲህ ስማኝ። ይህችን ዕቃ የምገጥማትም የማስተካክላትም እኔ ነኝ። ሁለቱን ቁልፎች አንድ ላይ ተጭነህ ስትቆይ የማስተካከያው ገጽ ይከፈታል፣ እዚያ ቁጥሩን ዝቅ ማድረግ ይቻላል። ሃያ ብቀንስባት ሞተሩ እየፈላ እሷ ሰባ ምናምን ትለዋለች፣ እሱም አምኗት ይነዳል። ከአባይ ድልድይ ወደ ደጀን ሲወጣ ያች ሞተር ሁለተኛ ትቃጠላለች፣ አሁን መሪውን የያዘው ራሱ ሆኖ። ያኔ ማን ሰክሮ እንደነበር መናኸሪያው ይጠይቀው።

ስንት እንደምቀንስ አንተ ንገረኝ፣ መንገዱን የምታውቀው አንተ ነህ። ሰው ይጎዳል ወይ? እሱንም ንገረኝ።

ስልክህን ጥለህ በመሄድህ ስረግምህ ነበር፣ ለዚህስ ደግ ሆነ። በስልክ ብነግርህ ጮኼ ይወጣልኝ ነበር። እንዲወጣልኝ አልፈልግም። ደብዳቤውን ሾፌሩ ገዳሙ በአውቶቡሱ ያደርስልሃል፣ መልሱንም ለእሱ ስጠው።

እህትህ ንግስት


አርባ ምንጭ፣ ኅዳር 3 ቀን 2015

እታለም፣

ገዳሙ እርሻው ድረስ መጥቶ ደብዳቤሽን ሲሰጠኝ ትራክተር ላይ ነበርኩ። ሳልወርድ አነበብኩት። ተይ ይለኛል ብለሽ ፈርተሽ ከሆነ፣ አልልሽም። ስድስት ወር ሙሉ ሙዝ ስጭን የማስበው ሌላ ነገር መስሎሻል?

ሃያ ግን አትቀንሺ፣ ይነቃል። የማርቆስን ብርድ ታውቂው የለ። ጠዋት ሞተሩን ሲያስነሳ ቁጥሩ ከዜሮ በታች ሆኖ ካየው፣ ማሽኗ እንደምትዋሽ ሕፃንም ይገባዋል። ስምንት ቀንሺ። ስምንት በቂ ነው።

የጩኸቱን ቁጥር ደግሞ አትንኪው። ከዕቃው ጋር በሚመጣው ወረቀት ላይ መቶ ይላል፣ ከፋብሪካውም መቶ ላይ ተደርጎ ነው የሚመጣው። ያን ወረቀት የጻፈው ሰው ባሕር ጠረፍ የሚኖር ነው መሰለኝ። እኛ ደጋ ላይ ውሃ መቶን እንደማይጠብቅ አያውቅም፤ ማርቆስ ላይ ዘጠና ሁለት ሲደርስ ይንተከተካል። ክዳኑ ደህና የሆነ ራዲያተር ይታገሣል። የዚያች መኪና ክዳን ግን አይዝም፣ እኔ በጨርቅ ጠፍሬው ነበር የምነዳው። ስማቸው ወረቀቱን አንብቦ "መቶ ድረስ ሰላም ነው" ይላል። ይበል።

ያን ቀን ምን እንደተባባልን ደግሜ ልንገርሽ። ሽማግሌዎቹ ፊት የተናገርኩት ሁሉ እውነት ነው። አጠገቤ ጋቢና ተቀምጦ ነበር። የትኩስ ብረት ሽታ ሲመጣ "ላቁም፣ ይብረድ" አልኩት። "አትቁም፣ ተራ እንዳታስበላኝ" አለኝ። ሁለተኛም ለመንኩት። "ሾፌር ነህ ወይስ ፈሪ?" አለኝ። አፌ ጠላ አልነካም ነበር።

ሰው ይጎዳል ወይ ላልሽው፣ የሚቃጠለው ሞተር ነው።

እማ እንዳትሰማ። ምን እንዳሰብን ካወቀች ሁለታችንንም ታስወግዘናለች።

ወንድምሽ የሽዋስ


ደብረ ማርቆስ፣ ኅዳር 15 ቀን 2015

የሽዋስ፣

ገጠምኩለት።

ሴንሰሩን የውሃ ቧንቧው ላይ አስገባሁ፣ ሽቦውን በዳሽቦርዱ ውስጥ ሳብኩ፣ ስክሪኗን ከመሪው በስተቀኝ ለጠፍኩ። እሱ በላዬ ቆሞ ያያል። ሁለቱን ቁልፎች ስጫን "ምን እያደረግሽ ነው?" አለኝ። "ከአገራችን አየር ጋር እያስማማኋት ነው" አልኩት። ስምንት ቀነስኩ። ወረቀቱን ሰጠሁት፣ መቶ የሚለው ላይ ጣቱን አኑሮ አነበበና ኪሱ ከተተው።

"እጅሽ ይባረክ" አለኝ ሲወጣ። አሜን አልኩ። ምን ልበል?

የአዲስ አበባ ተራው የሚጀምረው ታኅሣሥ መግቢያ ላይ ነው። እስከዚያ እዚሁ አቅራቢያ ይጁቤና ቁይ እየተመላለሰ ነው፤ በዚያ መንገድ ሞተሩ የሚፈተን አይመስለኝም። እጠብቃለሁ። መጠበቅ ለምጃለሁ።

እማ ማታ "ምን ተገኘና ታንጎራጉሪያለሽ?" አለችኝ። ለካ ሳላውቀው ስዘፍን ኖሯል። ገበያው ደህና ዋለ ብዬ አለፍኩት። ከሰኔ ወዲህ ቤታችን ውስጥ ሰው ሲያንጎራጉር ይህ የመጀመሪያው ነው።

አንድ ነገር ግን ከነከነኝ። ሰው ይጎዳል ወይ ብዬ ጠይቄህ "የሚቃጠለው ሞተር ነው" ብለህ አለፍከኝ። አንተን ያሳደግኩህ እኔ ነኝ፤ ስትሸሽ አውቅሃለሁ። በደንብ መልስልኝ።

ንግስት


አርባ ምንጭ፣ ኅዳር 24 ቀን 2015

እታለም፣

አስተካክያት። ዛሬውኑ።

ሸሽቻለሁ፣ አዎ። ለእማ እንዳይደርስ ብዬ ላንቺም ያልነገርኩሽ ነገር አለ። ያን ቀን ሞተሩ ተቃጥሎ ቆመ ብዬሽ ነበር። መኪናዋ ግን አልቆመችም። ከድልድዩ በላይ ያለችው ኩርባ ላይ ሞተሩ ቀጥ ሲል ፍሬኑ አብሮ ከዳኝ። ሞተር ሲጠፋ ፍሬኑን የሚያግዘው ጉልበት ይጠፋል፣ ብረግጠው እንደ ግድግዳ ደረቀብኝ። መሪውም እንደዚያው ሆነ። ከነሰዉ ወደ ኋላ መንሸራተት ጀመርን፣ ከኋላችን ገደሉ ነው።

መጀመሪያ የዘለለው ማን እንደሆነ ታውቂያለሽ? እሱ ነው። ጋቢናውን ከፍቶ ዘለለ። ከኋላ የተቀመጡት ሰዎች መውጫ አልነበራቸውም። መሪውን በሁለት እጄ ታግዬ ኋላዋን ከተራራው ጋር አጋጨኋት፣ ሁለት ተሳፋሪዎች ወርደው ጎማው ሥር ድንጋይ ከተቱ። እንዲያ ነው የተረፍነው። ሰዎቹ በሌላ መኪና ሄዱ፣ ተበታተኑም። እሱ ማርቆስ ቀድሞኝ ገብቶ ሰክሯል ብሎ አወራ። ያን ያህል የቸኮለው ሲዘል ያየሁት እኔ ስለሆንኩ ይመስለኛል።

ይህን ሁሉ እያወቅኩ ነው ስምንት ቀንሺ ያልኩሽ። እሱ ብቻውን ቢሆን አሁንም አልመልሰውም ነበር፣ አልዋሽሽም። ግን ብቻውን አይነዳም። እሱ ዘሎ ይተርፋል፣ የሚያልቁት ከኋላ ያሉት ናቸው።

ገዳሙን እግሩ ላይ ወድቄ ለምኜዋለሁ፣ ሌላ ቦታ ሳያድር ያደርስልሻል።

የሽዋስ


ደብረ ማርቆስ፣ ታኅሣሥ 3 ቀን 2015

የሽዋስ፣

አመሰግናለሁ እንዳትለኝ። ቂሜን አልጣልኩም።

ደብዳቤህ የደረሰኝ ስማቸው ወደ አዲስ አበባ በሚጭንበት ዋዜማ ነው። አንብቤ ስጨርስ መጀመሪያ ያሰብኩት አንተን ነው። ያን ሁሉ ብቻህን ይዘህ ሙዝ ስትጭን ከረምክ። ቀጥዬ ያሰብኩት እሱ ሲዘል ነው። እና እውነቱን ልንገርህ፣ ለጥቂት ጊዜ "ይሂድ፣ የራሱን ያግኝ" አልኩ። የተሳፋሪ ነገር በወረቀት ላይ ሲነበብ ሩቅ ነው።

ጠዋት መናኸሪያ ሄድኩ። መኪናዋ ሞልታለች። የመጨረሻው ወንበር ላይ አራስ ልጅ የታቀፈች ሴት ናት፣ ባሏ በመስኮት ፌስታል ያቀብላታል። ሁለት የዩኒቨርሲቲ ልጆች አንዱን ሻንጣ ይጓተታሉ። እግሬ ራሱ ወሰደኝ።

"ያችን ማሽን አልጨረስኳትም፣ ትንሽ ይታገሡኝ" አልኩት። ተራ አስከባሪው ይጮኽብኛል፣ ስማቸው ሰዓቱን ያያል። "ስመለስ አይሻልም?" አለኝ። "አንቱ፣ ለደህንነትዎ ነው" አልኩት። ጋቢና ገብቼ የቀነስኩትን ስምንት መለስኩ። አሁን እውነቱን ነው የምታሳየው።

እዚህ ላይ ብቆም ጥሩ ሰው ነበርኩ። አልቆምኩም። የምትጮኽበትን ከመቶ አውርጄ ሰማንያ ስምንት ላይ አደረግኩት፤ አንተ ላልከው ደጋ ልክ ነው፣ ለዚያ ራዲያተር ደግሞ ጊዜ ይሰጠዋል። ድምጿን እስከ መጨረሻ ከፈትኩት። ቁጥሩን ቀይ አደረግኩ፣ መጠኑንም አሳደግኩ። ከዚያ ስክሪኗን ከመሪው ጎን ነቅዬ የዳሽቦርዱ አናት ላይ መሃል ለመሃል ለጠፍኩና ፊቷን ወደ ተሳፋሪው አዞርኳት። የመጨረሻው ወንበር ላይ ያለችው አራስ ሳይቀር ታነበዋለች።

"ለኔ እንጂ ለነሱ ምን ያደርግላቸዋል?" አለኝ።

"ሲደክምዎ ያነቡልዎታል" አልኩት።

ለተሳፋሪዎቹም ነገርኳቸው፣ እሱ እየሰማ፦ "ሰማንያ ስምንት ስትል ትጮኻለች። ስትጮኽ ይቁም በሉ። እስክትበርድ አትንቀሳቀሱ።" አንድ መምህር ከፊት ተቀምጦ ነበር፣ ሀይለመለኮት ይባላል፤ ሁለተኛ አስደገመኝና አንገቱን ነቀነቀ። ስማቸው ፊቱ ጠቆረ፤ ግን አሥራ ሁለት ሰው እያየው ሞተሩን አስነሳ።

እንግዲህ ያ ራዲያተር ክዳኑ እንደማይዝ ነግረኸኛል። የሚሆነውን አብረን እናያለን።

ንግስት


አርባ ምንጭ፣ ታኅሣሥ 12 ቀን 2015

እታለም፣

አመሰግናለሁ አትበለኝ ስላልሽ አላልኩም። ደብዳቤሽን እስካገኝ ድረስ እህል እንዴት ይወርድልኝ እንደነበር ግን እግዜር ያውቃል።

ፊቷን ወደ ተሳፋሪው ያዞርሽው ነገር ብቻዬን አሳቀኝ። አብረውኝ የሚሠሩት አበደ ብለዋል።

ሄዶ ተመለሰ ወይ? ምን ሆነ? ምንም አታስቀሪ። እኔም ሌላ የደበቅኩት የለኝም።

የሽዋስ


ደብረ ማርቆስ፣ ጥር 2 ቀን 2015

የሽዋስ ወንድሜ፣

ገናን እንዴት እንዳለፍነው ስማ። እማ ዶሮ አልበላም ብላ ነበር፣ በላች። ለምን እንደበላች ልንገርህ።

መምህሩ ሀይለመለኮት ከአዲስ አበባ ሲመለስም በዚያችው መኪና ነበር። በማግስቱ በቀጥታ ሱቄ መጣ። ድልድዩን ተሻግረው ወደ ደጀን መውጣት እንደጀመሩ፣ እሱ ያልኩትን ነግሯቸው ነበርና ተሳፋሪው ሁሉ ዓይኑን ቁጥሩ ላይ ተክሏል። ሰማንያ አራት ሲል ወሬው ቆመ። ሰማንያ ሰባት ሲል አንዷ አሮጊት ስመ ሥላሴ ብለው አማተቡ። ከዚያ ጮኸች። "ይቁም" አሉ። ስማቸው "ምንም አይደል፣ ወረቀቱ መቶ ድረስ ሰላም ነው ይላል፣ ተራ ያልፈኛል" አላቸው። ያንኑ ቃል፣ ላንተ ያለህን።

አላስኬዱትም። መምህሩ ተነስቶ ትከሻውን ያዘው። ወርደው ቆሙ፣ ሞተሩ በረደ፣ ውሃ ጨመሩ፣ ተነሱ። ብዙም ሳይሄዱ እንደገና ጮኸች። እንደገና ወረዱ። ከነሱ ውስጥ የማርቆስ ሰው ነበረበት፣ ያንተን ታሪክ የሰማ። መንገድ ዳር ቆመው ጭሱን እያዩ "አቶ ስማቸው፣ ይህች መኪና ባለፈው ስትቃጠል ሾፌሩ ሰክሮ ነው ብለው ነበር። ዛሬ የሰከረው ማነው?" አለው። ያ ሁሉ ሰው ሳቀበት። እኔ አለመኖሬ እስካሁን ያንገበግበኛል።

በቀጣዩ ጉዞም እንዲሁ ሆነ። ስክሪኗን ሊነቅላት ሞክሮ ተሳፋሪው አንሳፈርም አለው። አሁን የማርቆስ ሰው ሚኒባስ ከመሳፈሩ በፊት አንገቱን አስግጎ ቁጥር ይፈልጋል። መደርደሪያዬ ላይ ጌጅ የሚባል አልቀረም።

ከዚያ ማኅበሩ ጠራው። ዘሎ መውረዱንም አነሱበት፤ በመናኸሪያው ያወራሁት እኔ ነኝ፣ አልክድም። መካድ ሲያቅተው "አቁም ሲለኝ አትቁም ያልኩት እኔ ነኝ፣ የሽዋስ አልጠጣም ነበር" ብሎ ሁሉም ፊት ተናገረ። ስምህ ወደ ማኅበሩ ተመልሷል።

የገና ዋዜማ ደግሞ ስማቸው ከሽማግሌው ከመሪጌታ አካለ ወልድ ጋር ቤታችን መጣ፣ ድንጋይ ተሸክሞ።

እማ ወጣች። ሙሉ ሰውነቷን አዙራ አየችው። ከኋላዋ ቆሜ "አትናገሪ፣ ይቁም" እላለሁ በልቤ። እሷ ግን "የኔን ትቼልሃለሁ" አለችው። ድንጋዩን ሊያወርድ ሲል እጇን አነሳች። "የልጄን ግን እኔ አልጥለውም። ልጄ ይጣልልህ።" መሪጌታም "ልክ ነዎት፣ እማማ ጥሩነሽ" አሉ። ድንጋዩን ተሸክሞ በመጣበት መንገድ ተመለሰ፣ ሰው ሁሉ ቤቱን ለበዓል ሲያጥብ እያየው። አሁን ድንጋዩ የስማቸው ግቢ በር ላይ ተቀምጧል፣ ያንተን ቃል ይጠብቃል።

እኔ ብሆን እስከ ፋሲካ አቆመዋለሁ። ግን ቃሉ ያንተ ነው። "ይጣል" ወይም "ይቆይ" ብለህ አንድ ቃል ጻፍ፣ እኔ ራሴ ወስጄ አነብለታለሁ።

እህትህ ንግስት


አርባ ምንጭ፣ ጥር 13 ቀን 2015

እታለም፣

አንድ ቃል አልበቃኝም፣ ይቅርታ አድርጊልኝ።

ጥምቀትን ብቻዬን አከበርኩ፣ የመጨረሻዬ ነው። የእርሻውን ባለቤት ተሰናብቻለሁ። እመጣለሁ።

ለስማቸው ይህን አንብቢለት። በወሩ መጨረሻ ሚኒባሷን ባዶዋን ይዞ ጎሃ ጽዮን ይጠብቀኝ። ሰው አይጫንባት፤ መሪጌታ አካለ ወልድ ብቻ ለምስክርነት ይምጡ፣ እማም ከፈለገች ከእሳቸው ጋር ከኋላ ትቀመጥ። ከጎሃ ጽዮን መሪውን እኔ እይዛለሁ። እሱ ያን ቀን የነበረበት ቦታ፣ ጋቢና አጠገቤ ይቀመጣል።

ከማርቆስ ድንጋይ ይዞ እንዳይመጣ። ድልድዩን ተሻግረን ያች ኩርባ ጋ ስንደርስ እቆማለሁ። ሰዎቹ ጎማው ሥር የከተቷት ድንጋይ እዚያው መንገዱ ዳር መሆን አለባት፣ መልኳን አውቃታለሁ። እሷን አንስቶ አንገቱ ላይ ያድርግ። ደጀን ስንገባ በገዛ እጄ አወርድለታለሁ፣ ይቅርም እለዋለሁ። ከልቤ ነው የምለው፣ ለመሪጌታም ይህን ንገሪያቸው።

እስከ ደጀን ግን ዳገት ነው። እኔም እንደሱ አልነዳም። አንቺ ያስተካከልሻት ማሽን በጮኸች ቁጥር እቆማለሁ፣ ሞተሩ ደህና አድርጎ እስኪበርድም እጠብቃለሁ። የሚያልፈኝ ተራ የለም።

ራዲያተሩን እስከዚያ ቀን እንዳያሠራው አደራሽን።

ወንድምሽ የሽዋስ